ራሱን የሚገዛ ዩኒቨርሲቲ ወይስ «ራስ» የሚገዛው?

ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ላይ ለመምህራን፣ ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በመሃል መብራት ሄዶ ማይኩ ስለጠፋ ከኋላ የተቀመጡት ግማሹን አልሰሙም። ለእነሱ ስል ጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ አስተካክያለሁ፤ ቀልዶቹን ግን አልነካሁም።

እንደምን ዋላችሁ።

ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ ካፖርቱን የሚያወልቅ ሰው እንግዳ ብቻ ነው። እኔ እንዳላወለቅሁ አይታችኋል። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ብርዱን አውቀዋለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «በታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የአስተዳደር ማሻሻያና ተቋማዊ ነጻነት» ይላል። ማታ ሳነበው እኔኑ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስለዚህ ርዕሱን ለጊዜው እንተወውና ስለ አንድ አምፖል ላጫውታችሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሌላ ቦታ የሠራችሁም ታሪኩን እንደራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ቤተ ሙከራችን ውስጥ አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ነበር። ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ የሚለካ መሣሪያ ነው። አንድ ቀን አምፖሉ ተቃጠለ። ሌላው አካሉ ደህና ነው፤ የሞተው አምፖሉ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ። ንብረት ክፍል «ስቶር ውስጥ የለም» ብሎ ፈረመ። ወረቀቱ ወደ ግዢ ሄደ። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለት ከሦስት ሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ፣ አምጣ አለኝ። አምፖሉን የሚያስመጣው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ነው። ከአንድ ሰው ሦስት ፕሮፎርማ እንዴት ይመጣል? ይህንኑ ጽፌ አስገባሁ። ጥር ላይ ደብዳቤው ጠፋ። መጋቢት ላይ ተገኘ። ሚያዝያ ላይ «አምፖል አላቂ ዕቃ ነው ወይስ የጥገና ወጪ?» የሚል ጥያቄ ተመለሰልኝ፤ የበጀት ኮዱ ይለያያል። አላቂ ነው አልኩ። አልቋል እኮ።

ሰኔ 22 ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። «መምህር፣ ገንዘብ ተርፏል። እስከ ሰኔ 30 ካልተጠቀምንበት ተመላሽ ነው። በል ቶሎ የሚገዛ ነገር ጻፍ።» «አምፖል» አልኩት። «ቶሎ የሚገዛ ነው እኮ የምልህ!» አለኝ። በዚያው ሳምንት 40 ወንበር ገባልን። ተማሪዎቼ አዲስ ወንበር ላይ ተቀምጠው የማይበራ መሣሪያ ሥዕል ከሰሌዳ ገለበጡ።

ማን አጠፋ? የግዢው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ያለ ሦስት ፕሮፎርማ ቢገዛ ኦዲተር አንገቱን ይይዘዋል። ኦዲተሩም የያዘው ሕጉን ነው። ከላይ የመጣው በጀት በመስመር በመስመር ተከፋፍሎ ስለመጣ የአንዱን መስመር ገንዘብ ወደ ሌላው ማዞር ፈቃድ ይጠይቃል። ሁሉም ሰው ሥራውን በትክክል ሠርቷል። አምፖሉ ብቻ አልበራም።

ተቋማዊ ነጻነት የሚባለው ትልቅ ነገር ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አምፖሉ መቃጠሉን የሚያውቀው ሰውና ስለ አምፖሉ የሚወስነው ሰው ምን ያህል ይራራቃሉ? በአንድ ኮሪደር ነው ወይስ በ130 ኪሎ ሜትር?

ከአምፖል ወደ ሰው ስንሄድ ርቀቱ ይብሳል። በእኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ተማሪውን ራሱ አልመረጠም፤ ሚኒስቴሩ ነው የሚመድብለት። ዘንድሮ ስንት ተማሪ እንደሚመጣበት የሚያውቀው ምደባው ሲለጠፍ ነው። ካሪኩለሙ «ሃርሞናይዝድ»፣ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሆኖ ይመጣል። የቦርዱን ሰብሳቢ የሚሾሙት ሚኒስትሩ ናቸው። መምህር ለመቅጠር መደብ መፈቀድ አለበት።

ማሻሻያውም ቢሆን ከላይ ነው የሚወርደው። ከመሃላችሁ 20 ዓመት የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቢፒአር (የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ፣ ሠለጠንን። ቢኤስሲ (የውጤት መመዘኛ) መጣ፣ ሠለጠንን። ካይዘን መጣ፣ መደርደሪያ አጸዳን፤ እሱስ ጥሩ ነበር፣ የጠፋ ፋይል ተገኝቷል። የለውጥ ሠራዊት መጣ፣ አንድ ለአምስት ተደራጀን። እያንዳንዱ ሲመጣ ያለፈውን ማንም አልገመገመውም። አበሉን በልተን ቅጹን ሞልተን ቀጣዩን ጠበቅን። ይህን የምለው ልኮንን አይደለም፤ እኔም አበሉን በልቻለሁ።

አሁን ደግሞ ራስ ገዝ መጥቷል። ይሄኛው ግን ከቀደሙት ይለያል ብዬ ስለማምን ነው የመጣሁት። አዋጅ ቁጥር 1294 በ2015 ዓ.ም. ወጣ። በ2016 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ሌሎቹ በተራ እንዲከተሉ ነበር የታሰበው። ሐሳቡ ዩኒቨርሲቲው በትምህርቱም፣ በሰው ኃይሉም፣ በገንዘቡም ራሱ እንዲወስን ነው። በጀቱም በመስመር ሳይሆን በጥቅል እንዲሰጠው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥቅል በጀት አዲስ ሐሳብ አይደለም። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 650ም ጥቅል በጀት ብሎ ጽፎ ነበር። የእኔ አምፖል የተቃጠለው ከዚያ አዋጅ በኋላ ነው።

ቃሉን እንመልከተው። ራስ ገዝ። በደርግ መጨረሻ ላይ ኤርትራም፣ ትግራይም፣ አሰብም፣ ድሬዳዋም፣ ኦጋዴንም ራስ ገዝ ተብለው ነበር። ራሳቸውን ሲገዙ ግን ያየ የለም። አማርኛችን ደግሞ ተንኮለኛ ነው። «ራስ» የራስ ማለት ነው፤ «ራስ» ማዕረግም ነው። ራስ እገሌ፣ ራስ እንትና። ራስ ገዝ ሲባል ራሱን የሚገዛ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመጣልን ወይስ አንድ ራስ የሚገዛው? ሚኒስቴሩ እጁን ሲያነሳ ሥልጣኑ ለመምህሩ፣ ለቤተ ሙከራው፣ ለተማሪው ይደርሳል ወይስ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ደጃፍ ላይ ይቆማል? የዛሬ ንግግሬ ይቺው ናት።

(መብራት የሄደው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ከፊት የነበሩት ብቻ ሰምተውታል።)

ወረቀት ላይ የተጻፈ ነጻነት ለእኛ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት። ቻርተር፣ ማለት የራሱ መተዳደሪያ ሕግ፣ ነበረው። ቦርድ ነበረው። ቻንስለሩ፣ ማለት የዩኒቨርሲቲው የበላይ፣ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ግቢውም ስጦታ፣ ስሙም የሰጪው ስም። ታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግሥቱ ወታደር ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ ተማሪዎች ሞቱ። ቻርተሩ በር ላይ አልቆመም። ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ወደ ዘመቻ ወጣ፤ በ1969 የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቁሞ ሁሉም ከአንድ ማእከል ይታዘዝ ጀመር። በ1985 ደግሞ፣ ሌላ መንግሥት፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ሦስቱ መንግሥታት በሌላ ነገር አይስማሙም ነበር፤ በዚህ ግን ተመሳስለዋል።

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝነቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ የውጭ አገሮቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ስሙ ውስጥ እንኳ «ራስ ገዝ» የሚል ቃል አለበት። በመስከረም 1968 ጦር ሠራዊት ግቢውን ያዘ።

ቅርባችን ያለችውን ኡጋንዳን እንውሰድ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነገር ነው። ማካሬሬ በምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ ስም ነበረው። ከ1970 ጀምሮ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ቻንስለር ነበር፤ ኢዲ አሚንም ጭምር። ኬንያ ውስጥም እስከ ፕሬዚዳንት ኪባኪ ዘመን ድረስ ርእሰ ብሔሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቻንስለር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማካሬሬ ደኸየ። መንግሥት ገንዘብ የለኝም አለ። ከዚያ በ1992 አንድ በር ተከፈተ፤ ከፍሎ የሚማር ተማሪ መቀበል ተፈቀደ። የማታ ክፍል ተጀመረ። ገንዘብ ገባ። ሕንጻ ታደሰ፣ መምህሩ ተጨማሪ ክፍያ አገኘ፣ ኮምፒውተር መጣ። አስርቱ ዓመት ሳያልቅ ከፋዩ ተማሪ መንግሥት ከሚከፍልለት በለጠ። የዓለም ሰው ሁሉ «እዩልኝ ማካሬሬን» አለ።

ከዚያስ? ከፋይ የሚስብ ኮርስ ያለው ክፍል ሀብታም ሆነ፤ የሌለው ደኸየ። ስለዚህ ሁሉም ከፋይ የሚስብ ኮርስ ፈጠረ። ክፍሎች ከመጠን በላይ ሞሉ። አንድ መምህር ቀን የሚያስተምረውን ማታ ደግሞ ያስተምራል፤ መቼ ያንብብ፣ መቼ ይመራመር? ዩኒቨርሲቲው ከመንግሥት እጅ ወጣ፤ ወጥቶ የገባው ግን ገበያ ውስጥ ነው። ገበያም ጌታ ነው። እንደ ሚኒስቴር ደብዳቤ አይጽፍም እንጂ ያዝዛል።

ጨርሼ አልነገርኳችሁም። በ2001 አዲስ ሕግ ወጣና ፕሬዚዳንቱ ቻንስለር መሆናቸው ቀረ። ደስ ይላል። ከ15 ዓመት በኋላ በኅዳር 2016 መምህራን በጥቅማ ጥቅም ክፍያ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችም ተነሡ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ማካሬሬ ይዘጋ ብለው አዘዙ። ተዘጋ። ሁለት ወር። ቻንስለር ያልሆኑ ሰው ዘጉት።

ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ ጠቡ ደመወዝ መክፈያ ሶፍትዌር ላይ ነበር። ይህን ስነግራችሁ የሒሳብ ሠራተኞች ፈገግ ማለታችሁ ይታየኛል። ዩኒቨርሲቲዎቹን ራስ ገዝ የሚያደርግ ሕግ በ2003 ወጥቷል። ነገር ግን ፌዴራል መንግሥቱ የመምህራኑን ደመወዝ ከአንድ ማእከላዊ የመክፈያ ሥርዓት አስገባ። መንግሥት «የሌለ ሠራተኛ ስም እንዳይከፈልበት ነው» አለ። መምህራኑ «ደመወዜን ማን እንደሚከፍለኝ ካልወሰነ ዩኒቨርሲቲው በምኑ ነው ራስ ገዝ?» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በ2022 ለስምንት ወር ትምህርት ቆመ፤ የመክፈያው ጉዳይም ከአድማው ምክንያቶች አንዱ ነበር። ከዚያ ሥርዓት ይውጡ የተባለው በታኅሣሥ 2023 ነው። እንግዲህ ነጻነት የሚጠፋው በታንክ ብቻ አይደለም። በፔሮልም ይጠፋል። በሞዴል 20ም ይጠፋል።

ኢንዶኔዥያን በአጭሩ። በ2000 አራት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን የቻሉ ሕጋዊ አካላት ሆኑ። በ2009 ለሁሉም የሚሆን ሕግ ወጣ። ሕዝቡ «ይህ ትምህርትን መሸጥ ነው» ብሎ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2010 ሕጉን ሻረው። በ2012 በሌላ ሕግ ተመለሰ። በ2024 ተማሪዎች ስለ ክፍያ ጭማሪ እንደገና ሰልፍ ወጡ። ክርክሩ አላለቀም፤ ያልቃልም ብዬ አላስብም።

አንድ ቦታ ብቻ ነገሩ ከታች ተነሣ። አርጀንቲና፣ ኮርዶባ፣ 1918። ኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ ያኔም 300 ዓመት ያለፈው ነበር። የማስተማሪያ ወንበሩ በዝምድናና በወዳጅነት የተያዘ፣ አንዴ የተቀመጠ የማይነሣበት። ተማሪዎቹ አመፁ። የጠየቁት ነገር «መንግሥት አይድረስብን» ብቻ አልነበረም። መምህር በውድድር ይቀጠር፣ በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ውስጥ መምህሩ፣ ተማሪውና ተመራቂው ድምፅ ይኑራቸው አሉ። ጠባቸው ከሚኒስቴሩ ይልቅ ከውስጥ ጌቶች ጋር ነበር። ሐሳቡ በላቲን አሜሪካ ሁሉ ተዛመተ። የሚገርመው፣ ተማሪዎቹ ያሸነፉት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኢሪጎየን ጣልቃ ገብተው ነው! ነጻነትን መንግሥት በእጁ ገብቶ ሰጠ። እኔ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ግን አሰብኩበት። የውስጥ ራሶች ሲጠነክሩ ከውጭ የሚያንኳኳ ያስፈልጋል።

አሁን ከኮርዶባ ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ ሜዳ።

ጓሳን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው ተደርድሮ ሣር ሲነጭ፣ የጅብራ ተክሉ ጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ። ሣሩ ራሱ ጓሳ ይባላል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። አያቴ ቤት ጣሪያው ጓሳ ነበር። ውጭ ውርጭ ሲሆን ውስጥ ሙቀት፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ቆርቆሮ እንደሚጮኸው አይጮህም፣ ሹክ ይላል እንጂ። ደህና ተደርጎ ከተከደነ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ጓሳ የሌለው ሰው ቤት የለውም ማለት ነበር።

ይህን ያህል የሚፈለግ ሣር እንዴት ነው ለ400 ዓመት ያልጠፋው? ሥርዓት ነበረው። ሜዳው ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሣሩ ሲደርስ መክፈቻው ይታወጃል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። ዘመኑ ሲያልቅ እንደገና ይዘጋል። የሚጠብቀውን ሹም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ወይም ከአዲስ አበባ የተላከ ሰው አይደለም። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው፤ ሹሙም ቤቱን የሚከድነው በዚያው ሣር ነው። ሜዳው ቢበላሽ የሱም ጣሪያ ያፈሳል።

እስቲ ይህን ወደ ዩኒቨርሲቲ አምጡት። ዩኒቨርሲቲውን የሚመሩት ሰዎች ጣሪያ የሚከደነው በየትኛው ሣር ነው? ልጆቻቸው የት ነው የሚማሩት? ፈተና ቢሰረቅ፣ ዲግሪው ዋጋ ቢያጣ የሚያፈሰው የማን ቤት ነው? እንደ መልካም ምግባር ስብከት አትውሰዱብኝ። የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ቦርድ ውስጥ ከሚቀመጡት ሰዎች መካከል ዩኒቨርሲቲው ቢበላሽ በቀጥታ የሚጎዳ ስንት ሰው አለ? ብዙ ጊዜ ቦርድ የሚሞላው በባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ አሥር ስብሰባ አለው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይመጣል፣ ሪፖርት ይሰማል፣ «በርቱ» ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሳይመሽበት ለመመለስ ይቸኩላል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የጓሳም ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ ያን አልክድም። ጓሳ ላይ ግን የቀድሞው ሹም ወረደና የሚተካው አልተዘጋጀም። ማጭዱም ከብቱም በፈለገው ጊዜ ገባ። ሜዳው ተጎዳ። ኋላ ነው የየቀበሌው ሰዎች ተሰብስበው ኮሚቴ ያቋቋሙት፣ መተዳደሪያ የጻፉት፣ እንደገና መዝጋት የጀመሩት። ይህን የማነሣው ለራስ ገዞቹ ነው። ሚኒስቴሩ ዛሬ እጁን ቢያነሳ፣ የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ፣ ሴኔቱ፣ «አይሆንም» ማለት ካልለመደ፣ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ቃለ ጉባኤው አስቀድሞ ተጽፎ የሚመጣ ከሆነ፣ የውስጥ ኦዲተሩ ሪፖርት የሚያቀርበው ለሚመረምረው ሰው ለራሱ ከሆነ፣ ሜዳው ያለ ሹም ነው የሚቀረው። ወይም ደግሞ አንድ ጉልበተኛ ያጥረዋል።

የጓሳንም ሥርዓት እንዳናመልከው። መብቱ የነበረው የአቅኚ አባቶቹ ዘር ብቻ ነበር። አስቦና ጌራ። ከዚያ ውጭ የሆነ ሰው ሣሩን ከሩቅ ያያል። ራሳችንን እንግዛ የሚል ሁሉ አንድ ቀን «እኛ ማን ነን?» የሚለው ጥያቄ ይመጣበታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ላይ መጥቷል። የአካባቢው ልጅ ካልሆነ ፕሬዚዳንት አይሁን፣ ዲን አይሁን፣ አንዳንድ ቦታ ዘበኛም አይሁን። በዚህ ላይ የትኛውም ክልል በሌላው ላይ ድንጋይ መወርወር አይችልም። ከማእከል ተላቅቆ በዘመድ መታሠር ካለ ራስ ገዝ የሚለው ስም ይቅርብን። የኮርዶባ ልጆች «በውድድር ይቀጠር» ያሉት ይህን ስላዩ ነው።

ተማሪ መምረጥስ? ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ራሱ ይመርጣል ይባላል። ከማን መካከል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። እነዚህን ልጆች አዲስ አበባ ቀድሞ ይወስዳቸዋል። የእኛ ልጆች ደግሞ እነዚህን ዓመታት እንዴት እንደተማሩ ታውቃላችሁ፤ መንገድ በተዘጋበት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት፣ መጠለያ ውስጥ ሆነው። ስለዚህ ምርጫ የሚለው ነጻነት ለሁሉም እኩል አይደርስም። ለአንዱ ምርጫ ነው፣ ለሌላው ከተመረጠ የተረፈውን መልቀም ነው። አዋጁን በጅምላ መውደድ የማልችለው በዚህ ምክንያት ነው። አምፖሉን መግዛት ለሁሉም ዛሬ ይፈቀድ። ተማሪ መምረጥና ክፍያ መተመን ግን አቅም እየታየ፣ ቀስ እየተባለ።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሥራ የጀመረ፣ ከዚያ ዘመን 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ገና ሃያ ዓመት ገደማው ነው። ከተማው ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ገቢ ፍጠሩ ሲባል ብዙ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የሚታየው ካፌ ማከራየትና አዳራሽ ለሠርግ መስጠት ነው። አዳራሹን እዩት፤ ሠርግ ቢሆንበት ይሞቅ ነበር። ፋብሪካው ውሃውን የት እንደሚያስመረምር፣ ማሽኑ ሲበላሽ ማንን እንደሚጠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚያ ምርመራ መሣሪያ እኮ ያው ነው። አምፖሉ የሚቃጠለው።

እዚህ ላይ አበቃሁ፤ መብራቱም መጣ። ጥያቄ ካለ አልኩ።

አንድ መምህር ደመወዝ ይጨመራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሁሉም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ደመወዝ ራሱ መተመን ቢችል የሚከፍለው ከየት ነው፣ ካልተቻለስ ጥሩው መምህር ወዴት ይሄዳል፣ እየተባባልን ትንሽ ተከራከርን። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ተነሥታ «የሦስት ፕሮፎርማው ልጅ እኔ ብሆንስ?» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከዚያ ከኋላ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ተነሡ። ልጃቸው ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው።

«መምህር፣ ሁሉንም አልሰማሁም፣ ማይኩ ጠፍቶ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ይህ ራስ ገዝ ሲመጣ በጉን ነው የምሸጠው ወይስ በሬውን?»

«አባቴ፣ ክፍያውን የሚወስነው ቦርዱ ነው» አልኳቸው። «ቦርዱ ውስጥ እንደ እርስዎ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ።»

«እሺ» አሉ። ቁጭ ለማለት ጎንበስ ብለው ቀና አሉ።

«ማንን ነው የምጠይቀው?»